አባቴ ለብቻው ይበላበት የነበረ ሳህን

ታኅሣሥ ሲገባ እዚህ ኖርዌይ፣ ሞርተንሩድ በሚባል ሰፈር የምኖርበት ብሎክ ደረጃው ሁሉ የአሳማ ጥብስ ይሸታል። ጎረቤቶቼ ለገናቸው የአሳማውን ጎድን ከነቆዳው ምድጃ ውስጥ ከተው፣ ቆዳው እስኪንጣጣ ድረስ ሲጠብሱት፣ ሽታው በየበሩ ሥር ሾልኮ ወጥቶ፣ ከሥራ ደክሜ ቦርሳዬን እየጎተትኩ ስወጣ ደረጃው መሀል ያገኘኛል። አሳማ በልቼ አላውቅም፣ አልበላምም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ የአባቴ ጃኬት ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ የሚል ሽታ ነው። ይህን እናቴ ፊት ብዬው አላውቅም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እዚሁ ከተማ፣ ሊንደበርግ ሰፈር ነበር፤ አባቴ ሰዒድ፣ እናቴ ዘይነብ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ነስሩ። አባቴ ከኮምቦልቻ፣ እናቴ ከደሴ የመጡ የወሎ እስላሞች ናቸው። አባቴ ይሠራ የነበረው መሀል ከተማ ባለ አንድ የስፔን ምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ቤቱ የሚታወቀው ደግሞ ገና ጡት ባልጣለ የአሳማ ግልገል ጥብስ ነበር። ግልገሉን ሸክላ ላይ አጋድመው፣ እንጨት በሚነድበት የጡብ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት አቆይተው፣ ሲበስል ሙሉውን ወደ ጠረጴዛው አምጥተው፣ ቢላ ሳይነኩ በሳህን ጠርዝ ይቆርጡታል፤ ሥጋው ያን ያህል ለስልሷል ለማለት ነው። ከዚያ ሳህኑን ወለሉ ላይ ወርውረው ይሰብሩታል፣ እንግዳው ሁሉ ያጨበጭባል፣ አባቴ መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ይህን ሲነግረን እኔና ነስሩ በሳቅ እንፈርስ ነበር፤ እናቴ ግን «ደህናውን ሳህን!» ብላ አፏን ትይዝ ነበር።

በብርዱ ወራት አባቴ በር ላይ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ በረንዳ ላይ ይሰቅለውና፣ ማንንም ሳይነካ በቀጥታ ገላውን ሊታጠብ ይገባ ነበር። ጃኬቱ እዚያው ሲያድር እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ጠዋት ጠዋት እያራገፈ፣ እየተንቀጠቀጠ ሲለብሰው በመስኮት አየው ነበር። ማታ እኛ ሦስታችን አንዱን ትሪ ከበን ስንቀመጥ፣ እሱ የራሱን ሳህን ይዞ መስኮቱ ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ለብቻው ይበላ ነበር። ተጣልተው አይደለም። እናቴ አንድ ቀን ረጋ ብላ፣ «አንተን ተጸይፌ አይደለም ሰዒድ፣ እጅህ የሚውልበትን ነው» አለችው፣ እሱም «አብሽሪ፣ ይገባኛል» ብሎ ሳህኑን አነሳ፤ በቃ፣ በዚያው ቀረ። ሌሎች ልጆች ብስክሌት ሲመኙ፣ የእኔ ምኞት አባቴ ከትሪው እንዲመለስ ብቻ ነበር። በዚህች ትንሽ ምኞት ልጅ ምን ያህል እንደሚደክም ትልቅ ሰው አይገባውም።

በረዶው ቀልጦ ቀኑ ረዘም ሲል ድፍረት ይመጣልኝና፣ እንጀራውን በወጥ ጠቅልዬ ከትሪው ተነስቼ ክፍሉን አቋርጬ አባቴን አጎርሰው ነበር። ወጡ መንገዱን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ እናቴ ትጮኽብኛለች፤ የምትጮኸው ግን ስለ ምንጣፉ ነው፣ ስለ ጉርሻው አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም። እሱ እያላመጠ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞር ነበር። በበጋ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ይብስ ነበር፤ ፀሐይዋ አልጠልቅም ብላ ስትንከራተት፣ አባቴ ያን ሁሉ ሰዓት ጾሙን እሳት ፊት ቆሞ ውሎ ዓይኑ ጎድጉዶ ይመጣና፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አዛኑን ይጠብቃል። ቴምሩ እንኳ ለእሱ ለብቻው ነበር የሚቀርበው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሞን የሚባሉ ሽማግሌ ስፔናዊ ነበሩ። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ እሁድ ቤቱን ለሌላ ሰው ዘግተው የሠራተኞቻቸውን ቤተሰብ ምሳ ይጋብዙ ነበር፤ አባቴም በየዓመቱ አንዴ ነስሩን፣ አንዴ እኔን በሰበብ እያሳመመ ያመልጥ ነበር። አንድ ዓመት ግን ሰውዬው ራሳቸው ቤት ደወሉ፣ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ሆነችና፣ ከሚሉት ግማሹ ሳይገባት «ያ፣ ያ፣ ታክ»፣ አዎ፣ አዎ፣ አመሰግናለሁ ብላ በአገሩ ቋንቋ ግብዣውን ተቀበለች።

አባቴ ክው አለ። እናቴ ግን ደስ ብሏት ነበር። ደሴ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ እዚያ ክርስቲያን ጎረቤት ሲደግስ ለእስላሞቹ በጉን ለብቻ ለይቶ፣ በእስላም እጅ አሳርዶ፣ ድስቱን ሳይቀር ከእስላም ቤት አስመጥቶ ነው የሚጠራቸው። እስላም ጠርቶ የእስላሙን አለማዘጋጀት የሚባል ነገር እናቴ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። «የኛን ለይተው ካቀረቡማ የሰው ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ቤታቸውም ደህና ቤት ነው» አለች። «አንተም ከዚያ ወዲያ ከትሪው ትመለሳለህ።» አባቴ አፉን ከፈተ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ዘጋው። እኔ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

እሁዱን እናቴ የኢድ ልብሷን ለብሳ፣ እኛንም አሳምራን፣ በከተማው ባቡር፣ በቲባነን፣ መሀል ከተማ ወረድን። ቤቱ ጣሪያው በጥቁር እንጨት የተሠራ፣ ግድግዳው በሸክላ ሳህን የተሞላ ሞቃት ቤት ነበር፤ ሠራተኞቹ ከነልጆቻቸው በየጠረጴዛው ተቀምጠው ያወራሉ። ትንሽ ቆይቶ ራሞን ራሳቸው ከማድ ቤት ወጡ። ከነጭንቅላቱ፣ ከነጆሮው፣ ቆዳው ወርቅ የመሰለ ሙሉ ግልገል ተሸክመው፣ ጠረጴዛዎቹን ሁሉ አልፈው እኛ ፊት አስቀመጡት። ክብር መሆኑ ነው። ከዚያ ነጭ ሳህን አንስተው፣ ዛሬ አንተ ቁረጠው ብለው ለአባቴ ሰጡት። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

እናቴ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ወደ አባቴ ዘንበል አለች።

«የኛው የታለ?»

«ዘይነብ...»

«ነግረሃቸዋል አይደል?»

«አልነገርኳቸውም» አለ አባቴ። «ስቀጠር አሳማ ትነካለህ ወይ ሲሉኝ አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልበላም ብል ሥራውን የሚነጥቁኝ መሰለኝ። ሆዴን ያመኛል እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ታዲያ ምን ትበላ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ?»

«ዳቦ። በጓሮ በር ቆሜ።»

 እዚያም ሰው መሀል ለብቻው፣ እዚህም ልጆቹ ፊት ለብቻው ይበላ እንደነበር ለእናቴ ያኔ ነው መሰለኝ የገባት። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳና፣ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት በጎኑ እየጠረገ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ በኖርዌጂያንኛ፣ «ራሞን፣ እኛ እስላሞች ነን። ይህን አንበላም። እኔም በልቼ አላውቅም» አላቸው።

«እስከ ዛሬ?» አሉ ራሞን።

«እስከ ዛሬ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ፤ የተቆጡ መስሎኝ የነስሩን እጅ ያዝኩ። እሳቸው ግን ግልገሉን ራሳቸው አንስተው ወሰዱ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ራሳቸው ቀየሩ፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብተው ቆዩና፣ ድንችና እንቁላል ጠብሰው በአራት ሳህን አመጡልን። እናቴ በምን መጥበሻ እንደተጠበሰ አልጠየቀችም። የአራቱንም ሳህን ምግብ አንዱ ላይ ገልብጣ መሀል አስቀመጠችና፣ አባቴን በክንዱ ስባ አስቀምጣ፣ «ቢስሚላህ በል» ብላ በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችው። ሰዎቹ ይህም እንደ ሳህን መስበሩ የኛ ወግ ነው ብለው ነው መሰለኝ፣ አጨበጨቡ። አባቴ አፉ እንደሞላ አለቀሰ።

ማግስቱን ማታ ትሪው ሲቀርብ ቦታ ለቅቄ ጠበቅኩት። እናቴ ግን የአባቴን ሳህን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። «ትናንት አብራችሁ በልታችሁ የለም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ። «ትናንት የሰው ቤት እንግዶች ነበርን» አለች ሳታየኝ፣ «ዛሬ ከሥራ ነው የመጣው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ትሰጠው ነበር፣ ራሞንም ማድ ቤት ውስጥ የሱ ብቻ የሆነች መደርደሪያ ለቀውለት ነበር፤ የጓሮው በርና ዳቦው ቀረ። የማታው ሳህን ግን አልቀረም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የአባቴ ወገብ አልታዘዝ ብሎት ሥራውን እስኪተው ድረስ እንደዚያው ኖርን፤ ምኞቴም ሲሳካ እኔ ከቤት ወጥቼ ስለነበር፣ ደስታዬ ደክሞት ነው የደረሰው።

አሁን እኔ ምሳዬን ኮምፒዩተር ፊት፣ እራቴን ስልኬን እያየሁ ነው የምበላው። ነስሩ ሥራው ሌላ ከተማ ስለሆነ ከዓመት ዓመት አይገኝም። እሁድ እሁድ ግን ሊንደበርግ እሄዳለሁ። አባቴ ከትሪው ተመልሶ ጥቂት ዓመት እንደበላ ስኳርና ደም ግፊት ያዘውና፣ ሐኪሙ ጨው የሌለው፣ የተመጠነ ምግብ አዘዘለት፤ እንደገና ለብቻው ሳህን ወጣለት። ይህን ስሰማ፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ብዬ በጣም ተናድጄ ነበር። ይህን በሰማሁበት እሁድ እናቴ ትሪውን ሞልታ ፊቴ አቀረበችልኝና፣ እሷ ወንበሯን ጎትታ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች።

«እማዬ፣ አንቺ ስኳር የለብሽ፣ ግፊት የለብሽ» አልኳት።

«እሱ ስንት ዓመት ብቻውን በልቷል፣ ይበቃዋል» አለችና እጇን ከሱ ሳህን ሰደደች።

ያኔ ከትሪው የሚጎድለው አባቴ ብቻ ነበር፤ ዛሬ እኔ የሞላ ትሪ ፊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ እነሱ ጨው የሌለው ምስር ሲጎራረሱ አያለሁ።