ቃሬዛው ሲነሳ ለምን ቆምሽ?

ጥያቄ ማብዛት ልማዴ ነው። ለውጥ ለውጥ በሚባልበት ሰሞን፣ ሐይቅ ከተማ በአምቡላንስ ሕመምተኛ እያጀብኩ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሁሉ ደሴ ሄዶ የብቃት ምዘና ይፈተን፣ ያላለፈ ከአምቡላንስ ይወርዳል ይላል። ክፍያም አለው። ገንዘቡን የተቀበለችኝን ሴት «ለምንድን ነው የምንከፍለው?» ብዬ ጠየቅኋት። ቀና እንኳ ሳትል «ለምዘናው» አለችኝ። ሹፌራችን የተሻለ መልስ ነበረው። «አሻንጉሊቷን ምሳ ልትጋብዢያት ነዋ!»

የተግባር ፈተናው የሚሰጥባት አሻንጉሊት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች። ቁመቷ የአዋቂ ሰው ነው፣ ፀጉር የላትም፣ አፏ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የጽሑፉን ፈተና ጠዋት ጨርሼ ለተግባሩ ስገባ፣ መዛኟ ሰዓትና የነጥብ ወረቀት ይዛ ቆማለች። «እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ?» ብዬ አሻንጉሊቷን ጠየቅኋት። ጭኗን አሰርኩ፣ ደሙ ቆመ ተባለልኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰምሮልኛል። ከዚያ ከአንድ ረዳት ጋር ቃሬዛውን አነሳንና እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለችኝ መዛኟ።

ዱዓ እየጠበቅሁ ነበር።

እኛ አምባሰል የምንሠራባቸው መንደሮች ውስጥ፣ ሕመምተኛ ከደጅ ሲወጣ ቃሬዛው ተነስቶ እዚያው ይቆማል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረቢ፣ አፊያዋን መልስላት! በእግሯ አምጣልን!» ይላሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ «አሚን!» ይላል። መንገድ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አሚን ስል ግን ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃሬዛ በተነሳ ቁጥር ስቆም ኖሬ፣ ደሴም ላይ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

መዛኟ ሰዓቷን አየች። የሆነ ነገር ጻፈች። ወደቅሁ። እንደገና ለመፈተን እንደገና መክፈል ነበረብኝ፤ እስከዚያ ድረስም አምቡላንስ ላይ የምቆየው በጊዜያዊ ፈቃድ ብቻ ነው። ሐይቅ እስክደርስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ከልቅሶዬ ይልቅ ግን አንድ ጥያቄ ይከነክነኝ ነበር። ይህ መቆማችን በእርግጥ ሰው ይጎዳል ወይ?

እንደገና ሳልፈተን የሰሜኑ ጦርነት እኛ ጋ ደረሰ። የምዘና ጣቢያው ተዘጋ፣ አምቡላንሳችንም ከእጃችን ወጣች። በዚያ ጊዜ ወረቀት አለሽ ወይ ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ማለዳ ወደ ግሸን ከሚወስደው መንገድ በታች ካለች መንደር ጠሩኝ። አንዲት አራስ ብዙ ደም ፈሷት ራሷን ስታለች። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ወንዶቹ ፍጠኑ ፍጠኑ ይባባላሉ፣ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም ነበር። ቃሬዛው ተነሳ፣ የመንደሩ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከቃሬዛው ላይ የማንኮራፋት ድምፅ ሰማሁ። ሴትዮዋ እየታፈነች ነው።

«አውርዷት!» ብዬ ጮህኩ። በጎኗ አስተኛኋት፣ አፏን ጠረግሁ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁኝና ዱዓቸውን ካቋረጡበት ቀጠሉ። በእግራችን ሄደን ጤና ጣቢያ አደረስናት፤ ተረፈች። በዚያ ጩኸት መሀል ሮጠን ወጥተን ቢሆን ኖሮ ያን ድምፅ አልሰማውም ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ሰላም ሲሆን ምዘናውም ተመለሰ፣ ክፍያውም ተመለሰ፣ አሻንጉሊቷም ተመለሰች። መዛኟም ያቺው ነበረች። ከመፈተኔ በፊት የወደቅሁበትን ወረቀት እንድታሳየኝ ለመንኳት። «ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ፤ ግን አወጣችልኝ። ቃሬዛ ከተነሳ በኋላ ባለው መስመር ላይ «አተነፋፈስን ድጋሚ ማረጋገጥ» ይላል። ከጎኑ በእስክሪብቶ «አልተሠራም» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱም እንድቆም ይፈልግ ነበር ለካ! የወደቅሁት ቆሜ ምንም ስላልሠራሁ ነው። ስንት ዓመት መዛኟን ስረግም ኖሬ፣ የዚያን ቀን በራሴ ተናደድኩ።

ፈተናው ላይ ቃሬዛውን አነሳንና እንደ ልማዴ ቆምኩ። ሁለት ጣቴን አሻንጉሊቷ አንገት ላይ አደረግሁ፣ ጆሮዬን ወደዚያ ክፍት አፏ አስጠጋሁ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለችኝ።

«እያዳመጥኩ ነው።»

ምልክት ስታደርግ አየኋት። አለፍኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚያችው መንደር ተጠራን፤ አንድ ገበሬ ከዛፍ ወድቆ ነበር። ቃሬዛውን ስናነሳ ሽማግሌው እጃቸውን አልዘረጉም። ቆመው ያዩኛል።

«የብቃት ወረቀቱን አገኘሽ አሉ» አሉኝ። «ደስ ብሎናል። እንግዲህ እኛን አትጠብቂንም ማለት ነው?»

እንደከፋቸው ከድምፃቸው ገባኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጣቶቼን ገበሬው አንገት ላይ አሳረፍኩ፣ ጎንበስ ብዬም ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«ይጀምሩ፣ አባ» አልኳቸው። «ትንሽ ረዘም ያድርጉልኝ።»