ሜዳ ላይ ያጠፋሁት ሞተር

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፌ ሳለ አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለና «እማማ፣ ይችን ሸጠው አንድ ደህና ነገር ለምን አይገዙም? ዕድሜዋን ጨርሳለች እኮ» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ጥርሱ ሁሉ ይስቃል። «አንተ ሳትወለድም እንዲሁ ይሉኝ ነበር» አልኩት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ተንቀሳቀስኩ። ግን የደሴን ዳገት እስክጨርስ ድረስ ብቻዬን ስመልስለት ቆየሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ንዴት ቶሎ አይበርድልኝም፤ ድሮም አይበርድልኝም ነበር።

መኪናዋ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው ቀይ ስፖርት መኪና ናት። አባቴ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበር፤ የገዛትም ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ መሐንዲስ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ግቢያችን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ካንዴላዎቹን ነቅለን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እናጥባለን፤ የቫልቩን ክፍተት መለኪያ ስለሌለን በምላጭ እንለካለን፤ ክረምት የበላውን ላሜራ ፍቀን ቀለም እንቀባለን። የኋላው የዕቃ መጫኛ ቁልፉ ስለተሰበረ ክዳኑን በገመድ እናስራለን። እሑድ ጠዋት ቸርች ስንሄድ እናቴ የሁለታችንን ጥፍር አይታ «በዚህ እጅ ነው መዝሙር መጽሐፍ የምትይዙት?» ትለን ነበር። እንይዝ ነበር።

የመኪናዋ ትልቁ ሕመም ሞተሪኖዋ፣ ማስነሻዋ ነበር። ቁልፍ ቢዞር ባይዞር አትነሳም። ደሴ ላይ ግን ይህ ችግር ተብሎ አይቆጠርም። ከተማው ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ማታ ፊቷን ቁልቁል አዙረን፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስደግፈን እናሳድራታለን። ጠዋት ድንጋዩን እናነሳለን፣ ትንሽ ትንደረደራለች፣ ማርሽ ይገባል፣ ትነሳለች። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ የሚያድሩ መኪኖች ብዙ ነበሩ። ደሴ ያደገ ሰው ሜዳ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳል።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ በነበረበት ዓመት አባቴን ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ታሰረ። መስከረም ላይ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ታደሰ ሊጠይቀው መጣ። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ደጋን ከተማ ወፍጮ ላላቸው ለሐጂ ይማም መኪናዋን ቃል እንደገባላቸው ነገረን። ሐጂ የፈለጉት ሞተሩን ነው፤ አውልቀው ለወፍጮ ሊተክሉት። ሐሙስ ኮምቦልቻ መጋዘናቸው ይጠብቃሉ።

«የሚነዳት ሰው በሌለበት ቤት ቆማ ዝገት ከሚበላት እህል ብትፈጭ አይሻልም?» አለ ጋሼ ታደሰ።

«እኔ እነዳታለሁ» አልኩ። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ አባቴ ራሱ ነው በገራዶ መንገድ ያስተማረኝ።

አጎቴ ወደ እኔ እንኳ አልዞረም። «ቃል ሰጥቻለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል» አለ ለአባቴ። የተወለደችው አጠገቡ ቁጭ ብላለች። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም እንደ አዲስ አውቀዋለሁ። መኪናዋ መሸጧ ብቻ አልነበረም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ «ሰው የለም» መባሌ ነው።

አባቴ ለመናገር ጊዜ ይፈጅበት ነበር። «ቃሉ የተሰጠው ለሐጂ ነው፤ የሚፈታውም ሐጂ ነው» አለ። «አስቴር፣ ይዘሻት ሂጂ። ራስሽ ነድተሽ፣ የሌላ ሰው እጅ ሳይነካት ይዘሻት ከተመለስሽ ያንቺ ናት። ካልሆነ እዚያው ተያት።»

ጋሼ ታደሰ ሳቀና «እሺ፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለ።

ሐሙስ ጠዋት ደሴ ጉም ለብሳለች። ድንጋዩን አነሳሁ፣ ተንደረደረች፣ ተነሳች። አጎቴ ረጅም ሰው ነው፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ፣ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። መጠምዘዣዎቹን በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ጉሙ እየቀረ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ኮታችንን እያወለቅን ኮምቦልቻ ደረስን። አንዲት ጭረት አላስነካኋትም።

ሐጂ ይማም መጋዘኑ ደጃፍ ቆመው ነበር፤ ነጭ ጢም፣ ንጹሕ ሽርጥ። እኔ እንግዲህ በሥርዓት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ሽማግሌ ቆሞ ሞተር እያስጮኸች፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሰላም የምትል ልጅ ባለጌ ናት። ስለዚህ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ ጎንበስ ብዬ «ሐጂ፣ እንደምን አደሩ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉ። ያኔ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። ግቢው እንደ ምጣድ የተስተካከለ ሜዳ ነው። ዞሬ አጎቴን ሳየው ከመጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሏል።

«እስኪ ሞተሩን አስነሺልኝ፣ ድምጡን ልስማው» አሉ ሐጂ።

«ካልተገፋች አትነሳም» አለ አጎቴ ፈጠን ብሎ። «ልጆች፣ ኑ እስኪ ግፉላት።»

ጆንያ የሚሸከሙት ጎረምሶች እየሳቁ መጡ። «ማንም እንዳይነካት» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ጎረምሶቹ ባሉበት ቆሙ።

ገመዱን ከኋላው ክዳን ፈታሁ፣ ክሪኩን አወጣሁ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ አስያዝኩና አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት አነሳሁት። ቫልቭ ስንለካ ሞተሩን የምናዞረው እንዲህ ነበር፤ ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ ጎማውን በእጅ ማዞር። ጎማው ሞተሩን ካዞረው፣ በደንብ ከተሳበ ለምን አያስነሳውም? ይህን ከዚያ በፊት ሞክሬው አላውቅም። ቁልፉን ከፈትኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ፣ ገመዱን ጎማው ላይ ጠመጠምኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ገመዱ ሾልኮ ወጣና በጀርባዬ አቧራው ላይ ተዘረርኩ። ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

ተነሳሁ፣ ቀሚሴን አላራገፍኩም። እንደገና ጠመጠምኩ፣ ሳብኩ። አንዴ አሳላትና ዝም አለች። ያ ሳል ካርቡራተሩን አስታወሰኝ። ደሴ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑን እንቀንስለታለን፤ ኮምቦልቻ ላይ ያ ቤንዚን አይበቃትም። ኮፈኑን ከፍቼ ብሎኑን በካቻቢቴ ትንሽ አላላሁት። ሦስተኛውን ስስብ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሞተሩ ተነሳ፤ ጎማው አየር ላይ ይሽከረከር ጀመር። ሮጬ ገብቼ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ከማርሽ አወጣኋት። መዳፌ ተልጦ ነበር፤ ያየሁት ክሪኩን ሳወርድ ነው።

ሐጂ ይማም ወደ አጎቴ ዞሩ። «ታደሰ፣ የሚነዳት የለም አልከኝ እንጂ ባለቤት አላት መች አልከኝ?»

«ባለቤቷማ ወንድሜ ነው፣ እሱ ደግሞ…»

«ወላሂ፣ ባለቤቱ ቆሞ የሚያየኝን ዕቃ አልገዛም። ቃልህን ፈትቼልሃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ወፍጮዬ ሌላ ሞተር አያጣም። በሰላም ግቢ» አሉኝ።

አጎቴን «ግባ እንሂድ» አልኩት። በአውቶቡስ እንደሚመጣ ነገረኝ። ዳገቱ ላይ ያ አውቶቡስ አለፈን፤ መቼም ስፖርት መኪና ስለሆነች ትቀድማለች አልልም፣ ራዲያተሯ እንዳይፈላ እያባበልኩ ነው የምወጣው። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁና በተላጠ እጄ እየበላሁ ደሴ ገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ የለም።

አባቴ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጦ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ አላለኝም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሞተሩን አዳመጠና «ሦስተኛው ቫልቭ ላልቷል» አለ። «ቅዳሜ እሠራዋለሁ» አልኩት። እንሠራዋለን አላልኩም፤ እሱም ልብ ብሎታል፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሰዎች ይህን መኪና ይዤ የኖርኩት ለአባቴ መታሰቢያ ይመስላቸዋል። ሐሳባቸው ቆንጆ ነው፣ እውነት ግን አይደለም። አባቴን ለማስታወስ ብረት አያሻኝም። የያዝኳት የኔ ስለሆነች ነው፤ መንዳት ስለምወድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድምጿ ሲቀየር ምን እንደጎደላት ስለማውቅ ነው። ወንድ እንዲህ ሲል ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም።

ባለፈው ወር የታናሽ ወንድሜ ልጆች ተሰብስበው መጡ። ትልቁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከእኔ በኋላ መኪናዋ ለማን እንደምትሆን ከአሁኑ ብንነጋገርበት ምን ይመስለኛል ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሻይ ቀዳሁለት።

«ገና ነድቼ አልጨረስኩም» አልኩት።