ከራሴ መርዶ የቀደምኩበት ጠዋት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። ከራሱ መርዶ የቀደመ ሰው ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ሆዴ ይባባል።

ሀገር ቤት መሐንዲስ ነበርኩ፤ ቶሮንቶ ግን ዲግሪዬን የሚቀበል ጠፋ። ቀን ዌርሃውስ ዕቃ እየጫንኩ፣ ማታ ኮሌጅ የዘመኑን የአሜሪካ ልብ ወለድ እማር ነበር። የምናነበው ሁሉ ሹፈት ነው፤ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ ማስታወቂያ፣ አንዱ የፍርድ ቤት ቃል፣ አንዱ የምግብ አሠራር። አስተማሪያችን «እናንተም እንዲህ አደባልቃችሁ ጻፉ» ስትለን ለኔ ሠርግና ምላሽ ሆነ። የመጀመሪያውን ገጽ ዜና ዕረፍት አደረግሁት። ሟቹ ዲግሪዬ ነው፤ የሞተውም ቀጣሪ ሁሉ የሚጠይቀውን «የካናዳ የሥራ ልምድ» ሲጠብቅ ነው። ለማሳመር ከላይ የራሴን ፎቶ አስገባሁበት።

ዓርብ ዕለት ዳንፎርዝ መንገድ ካለ የሐበሻ ግሮሰሪ ፕሪንት ሳደርግ፣ ለካ አንዱን ቅጂ ረስቼ ወጥቻለሁ። የግሮሰሪው በር ላይ የኀዘን ማስታወቂያ ይለጠፋል። ባለ ሱቁ ፎቶዬንና አርእስቱን ሲያይ እንባው መጣ፤ ለጠፈው። ታች ድረስ ማን ያነባል!

ቅዳሜ ጠዋት ክሬሰንት ታውን ቤቴ እንደተኛሁ ጓደኛዬ ሰለሞን ኮል አደረገ።

«አለህ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ?» ስለው ጮኸ።

«ተነስ! ሰዎች በሩ ላይ መሞትህን አንብበው ላክስትህ ሊያረዱ ስካርቦሮ ቤታቸው ሄደዋል!»

ክው አልኩ። ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ደም ግፊት አለባቸው። ይህን ከሰሙ የምር ሞት ይመጣል። ደጋግሜ ብደውል አያነሱም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በየቀይ መብራቱ አንዴ እሳደባለሁ፣ አንዴ ስለት እሳላለሁ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። ኮታቸውን ያላወለቁ ሰዎች ሶፋውን ሞልተዋል። ያተረፈን ወጋችን ነው፤ መርዶ ያለ ሽማግሌ አይነገርም፣ ሽማግሌው አቶ ግርማ ደግሞ ገና ፓርኪንግ እየፈለጉ ነበር። አክስቴ ምንም ሳያውቁ «በጠዋት መጥታችሁ ሻይ እንኳ አትቀምሱም?» እያሉ እንግዶቹን ይቆጣሉ።

ሲያዩኝ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ አማተበ። የአክስቴን እጅ ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊቴን ዳሰሱኝ።

«የሞተው ዲግሪ ነው?»

«አዎ።»

«አንተ ኑርልኝ እንጂ ዲግሪው ገደል ይግባ!» ብለው እቅፍ አድርገውኝ አለቀሱ።

ይኼኔ አቶ ግርማ ገቡ። እኔን አይተው ደነገጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «የኔ የኬሚስትሪ ዲግሪ ሲሞት እኮ ማንም አልመጣልኝም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ከእንግዶቹ ሀገር ቤት ነርስ የነበረችው ስለ ራሷ ዲግሪ አወራች፣ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረውም ቀጠለ። ሳቁ መሃል እንባ ነበረበት። እስኪመሽ የሄደ ሰው የለም።

ያን ውሎ የድርሰቴ ሁለተኛ ምዕራፍ አደረግሁት፤ መጻፌንም አላቆምኩም። ዲግሪዬ ትዝ ሲለኝ አሁን እንደ በፊቱ አንገቴን አልደፋም። በወግ ተለቅሶለታል።