የቅቤው ዳቦ ቆሎ

ስሕተቱ የኔ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ያን ቀን ጠዋት እህቴ ሁለት ጠርሙሶች ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች። በአንዱ የኑግ ዘይት ነበረ፤ በሌላው ለገና በኮሰረት ያነጠረችው ቅቤ። በታኅሣሥ ብርድ ሞጣ ላይ ቅቤ ድንጋይ ይሆናል። እንዲቀልጥ ብላ ነው ወደ እሳቱ ያስጠጋችው። ሁለቱም ጠርሙሶች የአረቄ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሁለቱም በጭስ ጠቁረዋል።

«ዱቄቱን በርበሬና ጨው ቀላቅዬበታለሁ» አለችኝ ከበሩ ላይ። «ዘይት ጨምረህ አቡካው። ለስለስ ይበል። እኔ የተማሪ ቤቱን ቁልፍ መልሼ እመጣለሁ።»

እህቴ በሞጣ አንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተማሪ ነበረች። እኔ እሷ ዘንድ ተቀምጬ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። ወላጆቻችን ቢቸና ናቸው። ገና ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ በማግስቱ በጭነት መኪና ልንሄድ ተነጋግረናል። ለእኔ የተለመደ ጉዞ ነው። ለእሷ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበር።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። እህቴን ገና ልጅ ሳለች ዳሯት። እሷ ደግሞ ባሏን ፈትታ ትምህርቷን ቀጠለችና አስተማሪ ሆነች። አባታችን ያን ጊዜ «ከእንግዲህ ከእጇ እህል አልቀምስም» ብለው ማሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ ዳቦ ጋግራ ሄዳ ነበር። «ጠግቤያለሁ» አሏት። ጾም በተፈታበት ጠዋት ማን ይጠግባል? ከዚያ ወዲህ ቢቸናን አልረገጠችም።

ዘንድሮ ግን እናታችን በአንድ ነጋዴ እጅ መልእክት ላከች። «አባትሽ ስምሽን ማንሳት ጀምሯል» የሚል ነው። እህቴ ይህን በሰማች በማግስቱ አቡጀዲ ገዛች።

ከአቡጀዲው ትንንሽ ከረጢቶች ሰፋች። ለእናታችን የተቆላ ሽምብራ ከሱፍ ጋር፤ ለአባታችን ዳቦ ቆሎ። አባታችን ተማሪዎቻቸውን ሲያርሙ ዳቦ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። ተማሪው ቅኔውን ሲያበላሽ ቁርጠማው ይቆማል፤ ካሳመረ ይቀጥላል። እኛ ልጆቹ የተማሪውን ዕውቀት ከጓዳ ሆነን በጥርሳቸው ድምፅ እንለይ ነበር። አሁን የአባታችን ጥርስ አልቋል። እህቴ ስንት እንደቀራቸው ጠይቃ ለእናታችን ጻፈች። እናታችን መጻፍ ስለማትችል ከአባታችን ተማሪዎች አንዱ መልሱን ጻፈላት፦ «በቀኝ ሁለት፣ በግራ አንድ፤ እርሱም ይነቃነቃል።» ማን እንደቆጠረው አላውቅም።

እንግዲህ እኔ ሊጡን አቦካሁ። ወደ እሳቱ ቀረብ ያለውን ጠርሙስ አንሥቼ ገለበጥኩበት። ለማሸት እንዴት ደስ ይል ነበር! እህቴ ተመልሳ በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ። እንደ ገመድ እያድበለበልን በመቀስ ቆረጥነው። ለአባታችን ጥርስ ስንል እንደ ባቄላ አላደረግነውም፤ ከሽምብራ አሳነስነው። ከዚያ ብረት ምጣዱ ላይ አደረገችውና ታምሰው ጀመር።

ኮሰረት ሸተተ።

እህቴ ማማሰያዋን አቆመች። ጠርሙሶቹን አየች። እኔን አየች።

«የትኛውን ነው የጨመርክ?»

«የ… ዘይቱን።»

«ዘይት ኮሰረት ይሸታል?»

ጠርሙሱን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«አባዬ ይህን ሁሉ ዓመት ከእጄ አልቀመሱም» አለች። «አሁን ቢቀምሱ ደግሞ ጾም ላስገድፋቸው ነው? ያውም በገና ገሃድ ዕለት!» ከዚያ ቀና ብላ አፌን አየችው። «አንተስ? ቀምሰሃል?»

«አንድ።»

«አፍህን ክፈት።»

«ሦስት፣ እቴቴ። ለጨው ነው።»

«ለጨው ሦስት ጊዜ? ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?» ልትቆጣ ፈለገች፤ አልሆነላትም። ሳቋ ሲመጣ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ትደገፋለች። ያን ጊዜም ተደገፈች። ነጠላዋ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የጀርባዋ ምልክት ቀረ።

የሠራነውን ልንጥለው አይሆንም። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ አምስት ልጆች አሏቸው። አንድ ሰፌድ ሙሉ ይዘን ሄድን። ሴትዮዋ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«እናንተ ስትሳሳቱ እኛ እንበላለን ማለት ነው? በይ ቲቸር፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ተሳሳቱልን!»

«ይህን ልጅ ልስጥዎትና እቤትዎ ይሳሳት» አለች እህቴ።

«አምጪው፣ ከነኪሳራው እቀበላለሁ።»

ልጆቹ ከንግግሩ ይልቅ ሰፌዱን ነበር የሚያዩት። ከበሩ ሳንወጣ ተራቆተ።

ተመልሰን በኑግ ዘይት እንደገና ሠራን። በዚህኛው ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ አሸተትኩ። ዳቦ ቆሎው አማረ፤ ግን ደረቀ። ቅቤ ያለበት አፍ ውስጥ ይፈርሳል። ይህኛው ጠጠር ነው። እህቴ አንዱን በድንጋይ መታ መታ አድርጋ ሰበረችውና «የግራው ጥርስ ዛሬ መሰናበቱ ነው» አለች። እንደገና አቡክተን ከምስር ትንሽ ብቻ ከፍ አድርገን ቆረጥነው። መቀሱ ጣቴን አቆሰለኝ፤ አሁንም ምልክቱ አለ።

የጾሙን ቀይ ክር በተጠለፈበት ከረጢት አደረገችው። ከቅቤው አንድ ከረጢት ያህል አስቀርታ ነበር። እሱን ምንም ባልተጠለፈበት አስገብታ አፉን አሰረችና ከምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«ይህኛው የማን ነው?» አልኳት።

«የአባዬ ነው። የጾሙን አንተ ትሰጣቸዋለህ። እሱን ከቀመሱልኝ፣ ገና ጠዋት የፍስኩን እኔ ራሴ በእጄ እሰጣቸዋለሁ።»

«ባይቀምሱስ?»

ጣቴን በጨርቅ እያሰረችልኝ ነበር። ጠበቅ አደረገችው። «ባይቀምሱ እኔና አንተ ስንመለስ መኪናው ላይ ሆነን እንጨርሰዋለን። አንተ እንደሆነ ለጨው ትጎበዛለህ።»

ቀኑ ይኸው ነው። ሌላ ነገር አልሆነም። ሻንጣችንን አዘጋጀን፤ የኔን ሸሚዝ ተኮሰችው።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሆዴን አለች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አየና ባሕር ዳር ሆስፒታል ትሂድ አለ። ልንሳፈርበት ያሰብነው መኪና ቢቸና መሄዱ ቀርቶ እሷን ሊወስድ ተስማማ። ከከተማው አልወጣንም። ይህን ከዚህ አስረዝሜ መጻፍ አልችልም።

መርዶው በስልክ ቢቸና ደረሰ። አባታችንና እናታችን ጠዋት ሞጣ ገቡ። የገና ዕለት ነው። ቀብሩ ቶሎ ሆነ። ከቀብር ስንመለስ ጎረቤታችን ሴትዮ ንፍሮ ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እጅ አስታጠቡን። ሰው ሁሉ ከንፍሮው ዘገነ። አባታችን አልዘገኑም። ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። ዱቄቱ አሁንም እዚያው ነበር።

ቀይ ክር ያለበት ከረጢት ከሻንጣው ውስጥ ነው። እሱን አልነካሁትም፤ ጾሙ አልፏል። ከምስማሩ ላይ ሌላውን አወረድኩ። አፉን ጠበቅ አድርጋ ስላሰረችው በጥርሴ ፈታሁት። ሄጄ ከፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አባዬ» አልኳቸው፤ «የእሷ እጅ ነው። ለእርስዎ ነው የሠራችው።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ጥርስ የለኝም እኮ» አሉ።

«ታውቃለች። ቆጥራዋለች።»

እጃቸውን ዘረጉ። ጥቂት አፈሰስኩላቸው። ወደ አፋቸው ወስደው አላመጡ፤ ድምፅ የለውም፤ እዚያው ይፈርሳል። ሲጨርሱ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ።

ጨመርኩላቸው።