ቧንቧውን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰፈር

የዓለም ውሃ የት የት እንዳለ ሳስተምር ጠጉሬ ሸበተ። አብዛኛው ባሕር ውስጥ ነው፤ ጨው ስለሆነ ለጥም አይረባም። ከንጹሑ ውስጥ ብዙው በምድር ጫፍ በረዶ ሆኖ ተቆልሏል፤ ሌላው ከመሬት በታች ተሸሽጓል። ያ ሁሉ ዘፈን የወጣለት ወንዝ ከድግስ በኋላ በጋን ሥር የሚቀር አተላ ነው። ከዚያ አተላ ለከተማችን ለጭሮ የሚደርሳት ደግሞ ምላስ አያርስም።

ወንዞቻችንም ቢሆኑ የሚያኮሩ አይደሉም። በእኛ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ ወደ በደሳ የሚወስደውን ተራራ ተሻግሮ የዘነበው ወደ ዋቢ ሸበሌ። አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ላይ ይሞታል፤ ዋቢ ሸበሌም አብዛኛውን ጊዜ ሶማሊያ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ከዚህ አገር ተነስቶ ባሕር የተሻገረ ነገር ቢኖር ጫት ብቻ ነው።

የምከራየው ቤት ዳገቱ አናት ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ደመና ብቻ ነው፤ ደመናውም አይሰጠንም። አከራዬ፣ እማማ የምላቸው ሴትዮ፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ አንድ ቀን ነው የቀራቸው፤ በርሜሎቻቸው ግን ቢመቷቸው እንደ ከበሮ ይጮሃሉ። በአህያ ውሃ የሚያመላልሱት ሰዎችም ምንጩ ቀጥኖባቸው ጠፍተዋል።

ውሃ የለም እንዳይባል አለ። ችግሩ የሰፈራችን ወግ ነው። እዚህ ቧንቧውን ዘግቶ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ እስከ መጨረሻው ይከፍተውና ከሥሩ ቆርቆሮ ይደፋበታል፣ ውሃው ሲመጣ ቆርቆሮው ጮኾ እንዲጠራው። ከዚያ ገበያ ይወጣል ወይም ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ይጋደማል። የታች ሰፈር ሰው ሁሉ ስለከፈተ ውሃው እዚያው ያልቃል። ቆርቆሮው ለራሱ ይጮሃል፣ ቦዩ ይጠጣል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ትንፋሽ ነው።

በሰርጉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከታች ቆርቆሮዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። «ቢሻን ዱፌ!» የሚል ጩኸት ተከተለ፤ ውሃ መጣ ማለት ነው። የእኛ ቧንቧ እንደ ተቆጣች ድመት እፍፍ አለችና ዝም አለች። እማማ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው አፈጠጡባት።

«በርሲሳ!» አሉኝ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። «አንተ ውሃ ታስተምራለህ አይደል? ይቺን ለምን አታስተምራትም?»

«እማማ፣ ታች ያሉት ካልዘጉ ውሃ ዳገት አይወጣም።»

«እንግዲያ ሂድ አስዘጋቸዋ! የወንዱ ወገን ከመሰላ ድረስ መጥቶ እጅ መታጠቢያ ቢያጣ፣ ልጄን እስክታረጅ ይስቁባታል።»

ወረድኩ። የመጀመሪያው ጎረቤት ሮቶው ሞልቶ፣ ባልዲው ሞልቶ፣ ቧንቧው ቆርቆሮውን እየደበደበ ግቢውን ሐይቅ አድርጎታል። እሱ ጫቱን እየቀነጠሰ ይቅማል።

«አቦ ዝጋው፣ ሞልቶልሃል!»

«እኔ ብዘጋ ጎረቤቴ አይዘጋም።»

ወደ ጎረቤቱ ዞርኩ። «እሱ ሳይዘጋ? ማን ሞኝ አለ!» አለኝ በአጥር ላይ።

ስለ ውሃ ግፊት አስረዳኋቸው። በጣቴ ጭቃው ላይ ተራራና ቧንቧ ሣልኩላቸው።

«በርሲሳ፣» አለኝ ባለሮቶው፣ «ቅዳሜ ትምህርት የለም እኮ።»

ዕውቀት ሲናቅ ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ጠጋ አልኩና ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ለአንተው ብዬ ነው። መስመሩን በመድኃኒት እያጠቡት ነው። እስኪያልፍ ያልዘጋ ሰው ወዮለት፤ ሆዱም ሮቶውም አይተርፉም።»

«ማን አለ?»

«ሁሉም እያለ ነው።»

እውነቴን ነበር፤ ምራቄን ሳልውጥ ሁሉም እያለ ነበር። ከግቢ ግቢ ቧንቧ ሲዘጋ ይሰማል። እየሳቅሁ ዳገቱን ተያያዝኩት።

ለካ ወሬም እንደ ውሃ ይዞራል። ከታች ተነነ፣ ባጃጅ ላይ ወጣ፣ ጫት ተራ ላይ ደመና ሆነ፣ እኔ እያለከለክሁ ስደርስ ግቢያችን ላይ ዘንቦ ጨርሷል። ቧንቧችን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ አፉ በጨርቅ ታስሯል፤ እማማ በትር ይዘው ይጠብቁታል።

«እንዳትነካ! መድኃኒት ለቀውበታል። ባለባጃጁ ነግሮን አለፈ።»

«ማን ነው ያለው?»

«አንድ የተማረ ሰው ነው አሉ።»

«እማማ፣ የተማረው ሰው እኔ ነኝ! ፈጥሬ ነው!»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ስለ ውሃ ምን ታውቃለህ?»

የቀረኝ ምስክር ሆዴ ብቻ ነበር። ጨርቁን ፈትቼ ከፈትኩት። ውሃው ፊቴን ሊገነጥለው ደረሰ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ዳገታችን አይቶ አያውቅም። አንድ ጆግ ጠጣሁ።

«ጨምር።»

ጨመርኩ። ወንበር ላይ አስቀምጠው ምላሴን አስወጡኝ፣ ዓይኔን ገለጡኝ። ውሃው እየፈሰሰ እኔ እንደ በግ እመረመራለሁ! በመጨረሻ «ቢስሚላህ» ብለው የመጀመሪያውን በርሜል ደቀኑ። የመጨረሻው በርሜል እስከ አፉ ሲሞላ ቧንቧዋ ተንፍሳ ቆመች።

በማግስቱ የመሰላ እንግዶች ከምግብ በፊትም በኋላም ታጠቡ፤ አንዱማ እግሩን ጨመረ። እማማ አንገታቸው አንድ ክንድ ረዘመ። ባለሮቶው ጎረቤት የሩዙ ትሪ ላይ እጁን አንጠልጥሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«በርሲሳ፣ ይሄ በየትኛው ውሃ ነው የተቀቀለው?»

«በመድኃኒቱ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። የመሰላዎቹን አየ፤ ትሪው ግማሽ ሆኗል። «አቦ፣ መድኃኒት ከሆነማ አይናቅም!» ብሎ ዘፈቀው።

ያኔ ነው ከታች ቆርቆሮዎቹ የተንጫጩት። ውሃ መጥቷል፤ ሁሉም ቧንቧ ተመልሶ ተከፍቷል፤ ባለቤቶቹ እኛ ጋ ሩዝ ላይ ናቸው። የመሰላ ሴቶች ጩኸቱ የሙሽራዋ ከበሮ መስሏቸው ብድግ ብለው እልል አሉ።