የብስክሌታችን ጡጦ

የመጨረሻው ደህና ቀን ሐሙስ ነበር። ስለ ሐሙስ ስጽፍ እስቃለሁ። ወንድሙን ያጣ ሰው እንዴት ይስቃል የሚል ካለ፣ ሐሙስን አላየም ማለት ነው።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ በአንዲት አሮጌ ብስክሌት ከላንቴ መንደር ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ፣ ሙዝ ያመላልስ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። ስለዚህ «ምሁሩ» ይለኛል። «ምሁሩ፣ ውሃ አቀብለኝ።» «ምሁሩ፣ ያዝልኝ፣ ትወድቃለች።»

ለብስክሌቷ ዘይት የምንሰጥባት ትንሽ የቆርቆሮ ዕቃ ነበረችን። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ሆዷ ክብ ነው፣ አፍንጫዋ ረዥምና ቀጭን። ቂጧን በአውራ ጣት ሲጫኗት «ጢቅ» ትልና አንድ ጠብታ ትተፋለች። ወንድሜ ከአንድ የመንገድ ሥራ ሾፌር በሙዝ ነው የለወጣት። እናታችን ብስክሌቷን ተደግፎ ሲያንጠባጥብላት አይታ «ልጁን እያጠባ ነው» አለች። በዚያው «ጡጦ» ሆና ቀረች። ጡጦ ሕግ ነበራት፦ ለሰንሰለቱ አሥር ጢቅ፣ ለፔዳሎቹ ሁለት ሁለት፣ ለጎማዎቹ መሀል ሦስት ሦስት። አሥራ አንደኛውን ጢቅ ከሰማ ይቆጣል።

ችግሩ ጡጦ ባዶ መሆኗ ነው። ዘይት ጠፍቶ ነበር። መኪና ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የተቃጠለውን ዘይት እንኳ በበርሜል ይቆልፍበታል። ብስክሌቷም ጮኸች። «ሲጢጥ፣ ሲጢጥ» ስትል ከአንድ ሰፈር ማዶ ትሰማለች።

መጮኋ ለሙዝ ምንም አይደለም። ለወንድሜ ግን ትልቅ ነገር ነበር። ላንቴ ውስጥ አንዲት ልጅ ወዷል። አባቷ የወፍጮ ቤቱ ሰው ናቸው፤ የተከበሩ አማኝ፣ በዚያ ጊዜ መንግሥት የጸሎት ቤታቸውን አሽጎባቸዋል። ወፍጮው ሲነሳ በጩኸቱ ተከልለው ይዘምራሉ። ወፍጮው ሲቆም የሚመጣ ሰው እንዳለ ያዳምጣሉ። ወንድሜ ሙዙን ሰበብ አድርጎ በአጥራቸው ሥር ሲያልፍ ብስክሌቷ «ሲጢጥ» ትላለች፣ ሰውየው ብቅ ይላሉ፣ እሱ ደግሞ እንደ ሌባ ፔዳሉን ይረግጣል። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር።

«አንድ ቀን ዝም ብትልልኝ» አለኝ ረቡዕ። «አንድ ቀን ብቻ! ወርጄ አናግራት ነበር።»

እዚህ ላይ ነው ምሁሩ የገባሁት። ዘይት ዘይት ነው አልኩት። የሚያስፈልገው ማለስለስ ብቻ ነው፣ ከመኪና ይምጣ ከሌላ፣ ለብረት ልዩነት የለውም። በሳይንስ ተምረናል አልኩ። አልተማርንም። አርባ ምንጭ ውስጥ ደግሞ ያልጠፋ አንድ ስብ ቢኖር የዓሣ ነው። ከሐይቁ ዳር የተጣለ የአምባዛ ስብ በጣሳ አመጣሁ፣ ከሰል ላይ አቀለጥኩት፣ በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። እናቴ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ጡጦ ሞላች።

ሐሙስ ጠዋት አጠጣናት። አሥር፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት። ወንድሜ ሰፈሩን አንዴ ዞረ። ድምፅ የለም! ከብስክሌቷ ወርዶ ግንባሬን ሳመኝ።

«ምሁሩ፣ አንተ ሚኒስትር ትሆናለህ!»

ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀመጥኩና ሄድን። የሲቀላን ገበያ እስክናልፍ ደህና ነበር። ከዚያ አንድ ቡችላ ተከተለን። ቆንጆ ቡችላ ነው፣ ሳቅንበት። ቀጥሎ እናቱ መጣች። ቀጥሎ ሁለት ትልልቅ ውሾች ከሥጋ ቤቱ ጓሮ። እኔ ወደ ኋላ ስዞር አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ያንን ረዥም እግሩን እያነሳ ከውሾቹ ኋላ ይራመዳል፤ ልክ ስብሰባ የረፈደበት ሊቀመንበር ይመስላል።

«ስንት ናቸው?» ይላል ወንድሜ ሳይዞር።

«አራት። አይ፣ ስድስት። አንድ ወፍም አለ።»

«ወፍ ምን አገባው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ንዳ!»

ነዳ። ሰንሰለቱ ሲሞቅ ሽታው ባሰ። በእግሬ ልከላከል ስል አንዱ ውሻ የግራ ኮንጎ ጫማዬን ከእግሬ ላይ መንጭቆ ወሰደ። ጫማዬን ወሰደ ብዬ ስጮህ ወንድሜ ሳቁ አሸነፈው፣ መሪው ተወዛወዘ። ሙዝ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ሳቁብን። አንዷ በጋሞኛ የሆነ ነገር አለች፣ ሁሉም እንደገና ሳቁ። ምን እንዳለች ወንድሜን ብጠይቀው «ላንተ ዕድሜ አይሆንም» አለኝ።

ላንቴ ስንደርስ ውሾቹ ዘጠኝ ነበሩ። ድምፅ የሌላት ብስክሌታችን በዘጠኝ ውሻ ጩኸት ታጅባ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደረሰች። ወፍጮውም ቆሞ ነበር። ሰውየው ዱቄት እንደለበሱ፣ ቅንድባቸው ነጭ ሆኖ ወጡ። ከኋላቸው ልጅቷ።

ውሾቹ ጩኸታቸውን ትተው ሰንሰለቱን መላስ ጀመሩ።

«ምሳቸውን ይዛችሁላቸው ነው?» አለች ልጅቷ።

አባቷ ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱን ነኩ፣ ጣታቸውን አሸተቱ፣ ቀና አሉ። እንደሚቆጡ እርግጠኛ ነበርኩ።

«አምባዛ» አሉ።

«አዎ አባባ» አለ ወንድሜ።

«ማን ነው ይህን ያዘዘህ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ጠቆመ። «የተማረ ነው» አለ።

ሰውየው መሳቅ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም፤ ከሆዳቸው ነው የሚወጣው፣ ዱቄቱ ከትከሻቸው ይበናል። የበሩን መቃን ያዙ። «ልጄ» አሉት ሲበርድላቸው፣ «ሰው ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ሽማግሌ ያስከትላል። አንተ ውሻ አስከትለህ መጣህ?»

ወንድሜ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሦስት ወር ሙሉ የማላውቅ መስሎህ ነው? ያቺ ብስክሌት ስትጮህ ይቺ» ልጃቸውን በአገጫቸው አሳዩ፣ «ነጠላ ለመቀየር ትሮጣለች። በእሷ ሩጫ ነው ሰዓት የማውቀው።»

«አባባ!» አለች ልጅቷና ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ በጣቶቿ መሀል ወንድሜን አየችው። «ዛሬ ድምፁን ስላልሰማሁ የማይመጣ መስሎኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

ሰውየው በኪሴ የያዝኳትን ጡጦ ተቀብለው የዓሣውን ስብ ለውሾቹ ደፉላቸው። በላምባ አለቅልቀው ከወፍጮው ሞተር ዘይት ሞሉልን። እውነተኛ ዘይት፣ እንደ ማር የሚያበራ። «ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ» አሉት። «ጌታ ይባርክህ። ውሾቹን ይዘህልኝ ሂድ።»

የመልሱን መንገድ እየዘፈነ ነው የነዳው። ጫማዬን ሙዝ ማሳ ውስጥ ፈልገን አጣነው። «ተወው» አለኝ፣ «ለሠርጌ የቆዳ ጫማ እገዛልሃለሁ። ሁለት! ግራም ቀኝም!»

ዓርብ ጠዋት እናቴ ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ለመነች፤ እሺ አሏት። እኛ ብስክሌቷን በአመድና በላምባ ፈትገን አጠብናት። ሽታው ለቀቀ፣ ጩኸቷ ግን ተመለሰ። ጡጦን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«አናጠጣትም» አለ። «እንዲሁ ትሁን። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር አልገባም። እነሱ ቁጭ ሲሉ በአጥሩ ሥር አንዴ አልፋለሁ። ትስማኝ።»

«ትናንት ዝም ትበል ስትል አልነበር?»

«ትናንት አላውቅም ነበራ! አንተ ምሁሩ፣ ምንም አይገባህም።»

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጣ። አዲሱን ጫማውን ለቅዳሜ ጠርጎ በር ሥር አስቀምጦ በነጠላ ጫማ ነው የሄደው። ዓርብ ማታ አልተመለሰም። ለሰሜኑ ጦርነት ወጣቱን ከየመንገዱ ያፍሱ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ቤታችን መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ቀኙን ጨርሼለት ነበር» አለ። «ግራውን ስጀምር ገቡ።» ፎጣውን በእጁ ይዞ ነበር፣ የሚያስቀምጥበት የጠፋው ይመስል ያጣጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል። እናቴና እኔ የታፈሱትን ያጎሩበት ግቢ ድረስ ሄድን። አላስገቡንም። ሳይነጋ ወደ ሶዶ በሚሄዱ መኪናዎች ወሰዷቸው። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ መርዶው መጣ። ስለዚያ መጻፍ አልችልም።

ስለ ቅዳሜ ጠዋት ግን እችላለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሳይሰሙ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። እናቴ ስትነግራቸው ቁጭ አሉ፣ አልሄዱም። ላንቴ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። እዚያ ቤት ጠርገው፣ ወንበር አውጥተው እየጠበቁ ነው። እኔ ተነሳሁ። የራሴ ጫማ አንድ እግር ብቻ ስለሆነ የእሱን አደረግሁ። ሰፋኝ።

ብስክሌቷን ስገፋት «ሲጢጥ» አለች።

ቆምኩ። ልጅቷ ትዝ አለችኝ። ይህን ድምፅ ከሩቅ ትሰማለች። ነጠላዋን ልትቀይር ትሮጣለች። ወደ አጥሩ ትወጣለች፣ የምታየው ግን እኔን ነው። ያን ያህል እርምጃ እንኳ በደስታ እንድትራመድ አልፈለግሁም። አልቻልኩም ማለት ይሻላል።

ጡጦን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁ። እሱ እንዲሁ ትሁን ብሎ ነበር። ይቅርታ አልኩት በሆዴ። ተንበረከክሁ። ለሰንሰለቱ አሥር። ለፔዳሎቹ ሁለት ሁለት። ለጎማዎቹ መሀል ሦስት ሦስት። አንዱን ቆጥሬው ይሁን ሳልቆጥረው አላወቅሁም፤ አንድ ጨመርኩ። የሚቆጣ አልነበረም።

ገበያው ጋ ስደርስ የሐሙሱ ቡችላ መንገድ ዳር ተኝቷል። አንገቱን አነሳ፣ አየኝ፣ መልሶ ተኛ። እስከ ላንቴ ምንም አልተከተለኝም። ብስክሌቷም አንዴ እንኳ አልጮኸችም።

በአጥሩ ሥር ወረድኩ። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ ልጅቷ ትስቃለች። ማንም አልሰማኝም። በሩን በእጄ አንኳኳሁ።