ሚኒባስ ውስጥ ያልመለስኩት የዳይኖሰር መዝሙር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ቀን ዝምታዬን ግን መርሳት አቅቶኛል።

ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በአንድ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። በዚያ ዓመት ስለ ዳይኖሰርና ስለ ቅሪተ አካል የምታስተምር አጭር መዝሙር ራሴ ጻፍኩ፤ ዜማዋንም እንደነገሩ ገጣጠምኩላት። ድምፄ የሚያኮራ አይደለም፤ ልጆች ግን አያማርጡም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እነሱ ይመልሳሉ።

«ዳይኖሰር የት ሄደ? የት ገባ? የት አለ?»

«ሞተ፣ ሞተ፣ ሞተ፣ ከምድር ላይ የለ!»

«ታዲያ ማን ነገረን?»

«አጥንቱ ነገረን፣ ድንጋይ ሆኖ ስላለ!»

«ሞተ» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ጣሪያው ሊነቀል ይደርሳል። ለሕፃን ልጅ ሞት ምኑ ነው? በስልክ ቀድቼም ለወላጆች ሁሉ ልኬላቸው ነበር።

መዝሙሯን ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ሀያት የምትባል ተማሪዬ ነበረች። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናቷ መዲና ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የሀያት አጎት ሰይድ ከኮምቦልቻ ወዲያ ካለችው ሐርቡ ደወለልኝ። አልፎ አልፎ ልጅቷን ሊወስድ ስለሚመጣ ስልክ ቁጥሬን ይዞታል።

«መምህር፣ ወንድሜ መኪናው ተገልብጦ ሞተብኝ» አለ። «መዲና አልሰማችም። ደሴ ላይ የምልከው ዘመድ የለኝም። ታሟል ብለሽ ከነልጇ ይዘሻት ነይ፤ መርዶውን እዚህ ሽማግሌዎች ያረዷታል። ስልኳን ብቻ አደራ፣ አንዱ ደውሎ መንገድ ላይ እንዳይነግራት። አላህ ይስጥሽ።»

እንዴት እምቢ ይባላል? መርዶ ደግፎ የሚይዝ ሰው በሌለበት አይነገርም። አስፈቅጄ ሀያትን ይዤ ሰኞ ገበያ ወረድኩ።

ውሸት አልችልበትም። «ባለቤትሽን ትንሽ አሞት ሐርቡ ወንድሙ ጋ ነው አሉ። እኔም ወደዚያ ጉዳይ ስላለኝ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«ለኔ ለምን አልደወሉም?»

«ስልክሽ እምቢ ብሏቸው ነው መሰለኝ።»

ጨርቋን ሰብስባ ለጎረቤት አደራ ሰጠችና ተከተለችኝ።

ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሀያትን መሀል አድርገን ተቀመጥን። «ለሀያት መዝሙሯን ልክፈትላት» ብዬ የመዲናን ስልክ ተቀበልኩና ጥሪ እንዳይገባ ኔትወርኩን ዘግቼ መዝሙሩን ከፈትኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሐረጎ ተራራ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሹፌሩ መብራት አበራ። መዝሙሩ ሲያልቅ ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሀያት ግን አልበቃትም።

«ሚስ፣ አሁን እኔ ልጠይቅ፣ አንቺ መልሺ» አለችኝ። ወዲያው ጀመረች። «ዳይኖሰር የት ሄደ? የት ገባ? የት አለ?»

ፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ዘወር ብለው ፈገግ አሉ። አፌን ከፈትኩ። ዓመቱን ሙሉ ሕፃናት ሳስጮህበት የኖርኩት ቃል አልወጣ አለኝ። ልጅቷ ያልሰማኋት መስሏት ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መለስ ስል መዲና እያየችኝ ነው። ስልኳን የከተትኩበትን ቦርሳዬን አየች፤ ፊቴን አየች። ዓይኗን መቋቋም አቃተኝ።

«ሚስ፣ ረሳሽው?» አለች ሀያት።

መዲና ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገቻት። ቀስ ብላ፣ በዜማው፣ «ሞተ፣ ሞተ፣ ሞተ፣ ከምድር ላይ የለ» አለችላት።

ሀያት ደስ ብሏት ቀጠለች። «ታዲያ ማን ነገረን?»

ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ ራሷ መለሰችው።

ኮምቦልቻ እስክንገባ የመዲና እንባ ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ትወድቅብኛለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። እሷ ግን የሐርቡ መኪና የቱ እንደሆነ ጠየቀችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ እዚህ እንዳትሰማ። ዘመድ መሀል ትድረስ» አለችኝ።

ሐርቡ፣ የሰይድ ደጅ ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጠበቁን። አንዱ ሼህ «ኢና ሊላህ» ብለው ሲጀምሩ መዲና ገና አሁን እንደሰማች ሰው ጮኸች። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። ሰይድ እጄን ይዞ፣ «ምንም ሳትሰማ አደረስሽልን፣ ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ» አለኝ። ምስጋናውን ተቀብዬ ተመለስኩ።

መዲና የሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ጨርሳ ከቤት የወጣችው ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነው። ሰኞ ገበያ አገኘኋት። ሰላምታ ተለዋወጥንና እጄን ሳትለቅ፣ «ሰው ሁሉ ሽማግሌዎቹ ያረዱኝ ይመስለዋል። ያረዳሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ምስጋናም አይመስልም። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

ዘንድሮ መዝሙሯን አላስተማርኩም። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ሰምተው ሲጠይቁኝ ሌላ እከፍትላቸዋለሁ። የከበደኝ መርዶው በኔ በኩል መድረሱ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ደጋግማ ስትጠይቀኝ መላ መፍጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ የመለሰችላት ግን ባሏ የሞተባት ሴት ናት።